ዮኮቴ፦ ልጆች በበረዶ ጎጆ እንግዳ የሚቀበሉበት በዓል

ደሴ ላይ በረዶ ሲባል የምናውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው የሚያወራው እንኳን አይሰማም። የዮኮቴው በረዶ ግን ድምፅ የለውም። ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ይቆለላል፣ ከተማውን ዝም ያሰኘዋል። መጀመሪያ የገረመኝ ይሄ ነው።

ዮኮቴ በሰሜን ጃፓን፣ በአኪታ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 15 እና 16፣ በእኛ የካቲት 8 እና 9 አካባቢ መሆኑ ነው፣ ካማኩራ የሚባል በዓል ይከበርባታል። 450 ዓመት ገደማ የቆየ ነው ይባላል። ካማኩራ ማለት ከበረዶ የተሠራች ጎጆ ናት፤ ቁመቷ 3 ሜትር ገደማ ይሆናል። በረዶውን ይከምሩና ይጠቀጥቁታል፣ ለቀናት ትተውት ሲጠጥር ውስጡን ይፈለፍሉታል። የተረፈችው እንደ ሳር ቤት ክብ ሆና ትቆማለች።

ሰው ወደዚህ በዓል መሄድ ያለበት ግን ለጎጆዋ ሲል አይደለም። ለልጆቹ ነው። ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ልጆች ጎጆዎቹ ውስጥ ገብተው ይቀመጡና አላፊ አግዳሚውን «ሃይቴ ታንሴ!» እያሉ ይጣራሉ። በአካባቢው አነጋገር «ግቡልን» ማለት ነው። ወሎ ያደገ ሰው ይሄን ጥሪ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ የሚሰማው ድምፅ ነው። ቡሄ ላይ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ትልልቆች ደጅ ይመጣሉ፤ ዮኮቴ ላይ ትልልቆቹ ልጆች ቤት ይሄዳሉ።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ምንጣፍ ተነጥፏል። መሀል ላይ የከሰል ማንደጃ አለ፣ ልክ ቡና እንደምናፈላበት። አንዷ ልጅ፣ ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሞቺ እየጠበሰች ነበር፤ ሞቺ ሩዝ በእንፋሎት በስሎና ተወቅጦ የሚሠራ የሚለጠጥ ነገር ነው። ከሰሉ ላይ ስታደርገው መጀመሪያ ምንም አይሆንም፣ ቆይቶ በአንድ ጎኑ ማበጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ነጩ ሆዱ ይወጣል። ልጅቱ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። ሲሰነጠቅ ወዲያው በሁለት እንጨት አንስታ ሰጠችኝ። ግድግዳው በረዶ ነው፣ ውስጡ ግን ይሞቃል።

የሚጠጣው አማዛኬ ይባላል። ቀጠን ያለ አጥሚት በሉት። ጣፋጭ የሆነው ስኳር ተጨምሮበት ሳይሆን ሩዙ ሲብላላ ነው። በዚህ ሰሞን ብዙ ጊዜ ወይ ነነዌ ወይ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ አማዛኬውም ሞቺውም የጾም ናቸው። በኮጂ፣ ማለትም ሩዝ ላይ በሚያድግ የማብላያ ሻጋታ፣ የሚብላላው አልኮል የለውም ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን ሳኬ ከሚባለው የሩዝ አልኮል መጠጥ አተላ የሚሠራም ስላለ ሙስሊም ወንድም እህቶቼ ጠይቃችሁ ጠጡ። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ያኪሶባ የሚሉት ኑድል ነው፣ ከላይ እንቁላል ጣል ይደረግበታል፤ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት እኛ አለፍነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጎጆዋ ጀርባ ግድግዳ ላይ የውኃ አምላካቸው ማስቀመጫ አለ፣ እንግዶች ሳንቲም ያኖሩበታል። መግቢያ ክፍያ የለም። እኔ አልሰገድኩም፣ ማንም ቅር አላለውም።

ወንዙ ዳር ደግሞ ጉልበት የማይደርሱ ትንንሽ ካማኩራዎች በሺህ ተደርድረው በእያንዳንዳቸው ሻማ ይበራል። ጥምቀት ዋዜማ ጧፍ በርቶ ሲታይ የሚሰማኝ ነገር ተሰማኝ። እዚያ ብቻ አንድ ሰዓት ቆምኩ።

ቅሬታዬ ማደሪያው ላይ ነው። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት «ከበዓሉ አጠገብ» ብሎ የያዘልን ሆቴል አኪታ ከተማ ሆኖ ተገኘ፣ በባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ይርቃል። በዓሉ 3 ሰዓት ላይ ያበቃል፣ እኛ ግን ባቡር እንዳያመልጠን ቀደም ብለን ሮጥን። ዮኮቴ ውስጥ ክፍሎች ቶሎ ስለሚያልቁ ከወራት በፊት ያዙ፣ አድራሻውንም ራሳችሁ ካርታ ላይ እዩ። ከቶኪዮ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር እስከ ኦማጋሪ ጣቢያ ሦስት ሰዓት አለፍ ይላል፣ ከዚያ በተራ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው።

ብርዱን አትናቁት። የደሴ ጠዋት ለምዶኛል የሚል ሰው እግሩ ላይ ይሸነፋል፤ ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን ሲወጣ ጃኬት የሚደርብ ሰው ደግሞ ሦስት ልብስ ይደርብ። ውኃ የማያስገባ ቦቲና ቅያሪ ካልሲ ግድ ነው፣ ጎጆ በገባችሁ ቁጥር ጫማ ታወልቃላችሁ።

ለበዓሉ 5 ከ5፣ ለማደሪያው 2። በየካቲት መሄድ ላልቻለ ከተማው ውስጥ የካማኩራ አዳራሽ አለ፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ክፍል ዓመቱን ሙሉ እውነተኛ የበረዶ ጎጆ ይቀመጣል። ልጆቹ ግን እዚያ የሉም።