ሞፓኒ ወይስ ስፓይደር ውድ? ለአኳሪየም እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት

ለቤት አኳሪየም እንጨት ስትመርጡ ቅርጹ ብቻ አይማርካችሁ። ዓሣዎቹ ጋ እስኪደርስ ስንት ቀን ሥራ እንደሚፈልግም አስቡ። የሞፓኒና የስፓይደር ውድ (በእንግሊዝኛ «የሸረሪት እንጨት» ማለት ነው) ልዩነት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሞፓኒ የሚመጣው ከደቡባዊ አፍሪካ፣ ከእነዚምባብዌና ቦትስዋና ነው። ክብደቱ የድንጋይ ያህል ነው። ሜትር ኩቡ ከ1,000 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይሰምጣል። ጣጣው ታኒኑ ነው፤ ውኃ የሚያቀላ ነገር፣ ሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ዓይነት። የእኔን መጀመሪያ ስቀቅለው ውኃው ጥቁር ቡና መሰለ። ቀየርኩት፣ ሻይ ሆነ። ቀጭን ሻይ እስኪመስል አራት ጊዜ ደጋገምኩት። ድስቱም ቀለም ይይዛልና የወጥ ድስታችሁን አትንኩት።

ስፓይደር ውድ የአዛሊያ ቁጥቋጦ ሥር ነው። ቀጫጭን እጆቹ ወዲህና ወዲያ ሲዘረጉ በጣም ያምራል። ውኃውንም ብዙ አያቀላም። ግን ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። አጥቤ ብቻ ከተትኩትና ጠዋት ስነሳ ያሰርኩበትን ተክል ይዞ ላይ ወጥቷል። ድንጋይ ጭናችሁበት ሳምንታት መዘፍዘፍ አለበት። ከገባ በኋላም ነጭ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። ይሄ ከእንጨቱ ስኳር የሚመገቡ ባክቴሪያና ፈንገስ ናቸው። ዓሣ አይጎዳም፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይበሉታል፣ በጥቂት ሳምንታትም ይጠፋል።

የማሌዥያው ጥቁር እንጨት ወደ ሞፓኒ ያደላል፤ ብዙውን ጊዜ ይሰምጣል፣ ታኒንም አለው።

ከግቢ የሚለቀም እንጨትስ? በነጻ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የአበሻም ሆነ የፈረንጅ ጽድ ሙጫ አለው። ባሕር ዛፍም ዘይት አለው፣ ሽታው ራሱ ይናገራል። ሁለቱንም ተዉአቸው። እርጥብ እንጨት ይበሰብስና ውኃውን ያበላሻል። ቀለም ወይም ፀረ ተባይ ነክቶት ይሆናል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ደግሞ መቀቀል አያድነውም።

የትኛውንም ብትገዙ በጠንካራ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ፈትጉት። ሳሙናና በረኪና በፍጹም! እንጨት ይመጠዋል፣ በኋላ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቀቅሉት፣ ውኃውን እየቀየራችሁ ድገሙት። ድስት ውስጥ አልገባ ካለ የፈላ ውኃ አፍሱበትና በባልዲ ወይም በበርሜል ዘፍዝፉት። ውኃውን በየቀኑ ብትቀይሩለት ለሞፓኒ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ጥሩ ጅምር ነው።

አሁን ዓሣችሁን እዩ። ቴትራ፣ ቤታ ወይም ዲስከስ ካላችሁ ታኒን ይስማማቸዋል፣ ሞፓኒን ሳትፈሩ ውሰዱ። የማላዊና የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶች ግን አልካላይን ውኃ፣ ማለትም ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ያለ ነው የሚወዱት፤ ታኒን ደግሞ ፒኤች ዝቅ ያደርጋል፣ ውኃውን ወደ አሲድነት ይወስዳል። ለእነሱ ከሞፓኒ ስፓይደር ውድ ይሻላል፣ ከእሱም ድንጋይ ይሻላል።

ለጀማሪ እኔ ሞፓኒን እመርጣለሁ። ሥራው በድስትና በባልዲ ያልቃል፤ ከገባ በኋላ እየተነሳ አያስቸግርም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ውኃው አሁንም ቀላ ካለባችሁ ፊልተሩ (የውኃ ማጣሪያው) ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል ጨምሩ፣ ይጠራላችኋል።