ቴዜ፦ በአውሮፓ ለሚማር ምእመን አንድ ሳምንት

በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማር የውጭ አገር ተማሪ የዕረፍት ጊዜ ሁልጊዜ ዕረፍት አይሆንም። የአገሬው ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤተሰቦቻቸው ሲበተኑ ዶርሙ ጭር ይላል፤ ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ስለ ጸሎት ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አንስቶ መጨዋወት ስለሚከብደው ብቸኝነቱ ድርብ ይሆንበታል። በፈረንሳይ የቡርጎኝ ግዛት፣ ከክሉኒ ከተማ በስተሰሜን በምትገኝ ቴዜ በተባለች ትንሽ መንደር የሚኖረው የወንድሞች ማኅበር ከእሑድ እስከ እሑድ ወጣቶችን ተቀብሎ የሚያስተናግድበት መርሐ ግብር ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ጥሩ አማራጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ለሁሉም ሰው አይስማማም፤ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን አስቀድሞ ለይቶ መሄድ ያስፈልጋል።

ማኅበሩን የመሠረተው ወንድም ሮዤ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ወደ መንደሯ መጥቶ ቤት ገዛ፤ አይሁዶችን ጨምሮ ከጦርነቱ ለሸሹ ስደተኞችም መጠጊያ ሰጠ። በ1949 የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወንድሞች የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን ገቡ። ዛሬ ወንድሞቹ ከፕሮቴስታንትም ከካቶሊክም ወገን የመጡ፣ ወደ 30 ከሚጠጉ አገሮች የተውጣጡ ናቸው። ስጦታም ውርስም ለራሳቸው አይቀበሉም፤ የሚተዳደሩት በእጃቸው ሥራ ነው፤ የሸክላ ዕቃዎቻቸውም በግቢው ውስጥ ይሸጣሉ። እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ እንደ ዕድሜውና እንደ መጣበት አገር የሚለያይ መዋጮ በመሆኑ በነፃ ትምህርት ዕድል ለሚኖር ተማሪ አይከብድም።

የሳምንቱ ምሰሶ ጸሎቱ ነው። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ደወል ሲደወል ሥራውም ውይይቱም ይቆምና ሰው ሁሉ በ1962 ወደ ተመረቀው የእርቅ ቤተ ክርስቲያን ይጎርፋል። ቤተ ክርስቲያኑ በሰልፍ የተደረደረ አግዳሚ ወንበር የለውም፤ ነጭ ልብስ የለበሱት ወንድሞች መካከሉን ይዘው ሲቀመጡ ወጣቱ በዙሪያቸው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት ብርቱካንማ ጨርቆች ከጣሪያው ወርደው፣ ከሥራቸው ሻማዎች ይበራሉ። ዝማሬው አንዲት አጭር ስንኝ በላቲን፣ በስፓኝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በሌላ ቋንቋ እየተደጋገመች የምትዜምበት ሲሆን፣ ብዙዎቹን ዜማዎች የደረሰው በ1994 ያረፈው ፈረንሳዊው ዣክ በርትዬ ነው። አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እያለ ላደገ ኢትዮጵያዊ ድግግሞሹ እንግዳ አይሆንበትም፤ እንዲያውም እኔ በሄድኩበት ሳምንት አጠገቤ የተቀመጡ ወጣቶች ‹መቼ ነው የሚያበቃው?› በሚል ዓይን ሲተያዩ እኔ ገና መሞቄ ነበር። የሚከብደው በመካከል የሚመጣው ዝምታ ነው። ማንም አያነብም፣ ማንም አይሰብክም፤ የሚሰማው አልፎ አልፎ የሚያስል ሰው ድምፅ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሐሳቤ ወደ ፈተናና ወደ መመረቂያ ጽሑፌ እየሸሸ ያስቸግረኝ ነበር፤ ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ግን ከጸሎቱ ሁሉ የምጠብቀው ይህንኑ ክፍል ሆነ።

ዓርብ ማታ በእንጨት ላይ የተሳለው የመስቀሉ ሥዕል መሬት ላይ አግድም ይዘረጋና ምእመናን በጉልበታቸው እየተጠጉ ግንባራቸውን በእንጨቱ ላይ ያሳርፋሉ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ዝማሬውም ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ከፊቴ የነበረች ልጅ ግንባሯን ካሳረፈች በኋላ እጇን ለቀጣዩ ሰው ቦታ እንዲሆን በቀስታ ወደ ጎን ስትሰበስብ አየሁ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ባለው ቀን በውይይት ቡድናችን ውስጥ እምነት እንደሌላት በግልጽ የተናገረችው እርሷ ነበረች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋትም፤ በቴዜም እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም።

ወዳጅነትን በተመለከተ፣ የወዳጅነት ቦታ ተብሎ የተመደበው የውይይት ቡድን ነው፤ እኔ ግን እውነተኛውን ወዳጅነት ያገኘሁት ሳህን ሲታጠብ ነው። እንግዳ ሁሉ የሥራ ድርሻ ስለሚደርሰው አንዱ ምግብ ያድላል፣ ሌላው መጸዳጃ ቤት ያጸዳል፣ ሌላው በትልልቅ ገንዳዎች ዙሪያ ቆሞ ጎድጓዳ ሳህኖችን ያጥባል። ምግቡ ቀላል ነው፤ የሚበላው በማንኪያ ብቻ ነው፤ ሻይም የሚጠጣው በጎድጓዳ ሳህን ነው። በውይይት ቡድን ውስጥ እንግሊዝኛው የሚቀናው ሰው ይገናል፤ እንግሊዝኛው የሚያጥረው ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ ይቀመጣል። እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ለገባ ሰው ግን ሰዋስው አያሳስበውም፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተሳሳቁ ስለ እናት አባት፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ጣጣ ሁሉ ይወራል። አዘጋጆቹ ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን፣ የመርሐ ግብሩ ምርጥ ክፍል ይህ ነው።

ደካማው ክፍል ትምህርቱ ነው። በየቀኑ አንድ ወንድም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል መርጦ ያብራራል፤ ከዚያም የመወያያ ጥያቄዎች ይሰጣሉ። ማብራሪያው ጨዋና ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን አብያተ ክርስቲያናትን የሚያለያዩ የትምህርተ ሃይማኖት ጉዳዮችን ሆነ ብሎ ያልፋቸዋል። ከልዩ ልዩ ወገን የመጣን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ለማስቀመጥ ይህ ግድ እንደሆነ ይገባኛል፤ በዩኒቨርሲቲ የገጠመውን የእምነት ጥያቄ ይዞ መልስ ፍለጋ የሚሄድ ተማሪ ግን ጥያቄውን እንደያዘ ሊመለስ ይችላል።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ስለ ቁርባን መጨነቃቸው አይቀርም። በእሑዱ ሥርዓት ላይ ለማይቆርቡ ሰዎች የተባረከ ዳቦ ስለሚታደል ማንም ከእምነቱ ውጭ እንዲቆርብ አይገደድም፤ ከዋናው ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው ምድር ቤት ውስጥም የኦርቶዶክሶች የጸሎት ክፍል አለ። የሚጾም ሰው ግን ቁርሱ ዳቦና ቅቤ መሆኑን አውቆ በምዝገባ ጊዜ መጠየቅና የራሱን ስንቅ መያዝ ይኖርበታል። ማደሪያው ተደራራቢ አልጋ ያለው የጋራ ክፍል ወይም የራስ ድንኳን ነው (ስሊፒንግ ባግ የረሳ ሰው ሌሊቱን ሲያማርር ያድራል)።

ልጆቻቸውን የሚልኩ ወላጆች ማወቅ የሚገባቸው አንድ ከባድ ጉዳይም አለ። በ2019 ማኅበሩ ባለፉት አሥርት ዓመታት በአንዳንድ ወንድሞች ላይ የቀረቡ የወሲብ ጥቃት ክሶች መኖራቸውን ራሱ በይፋ አሳውቆ ጉዳዩን ለፍትሕ አካላት አቅርቧል። ይህ መነገሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚልክ ወላጅ ስለ ጥበቃው አሠራር ሳያፍር መጠየቅ አለበት።

የጊዜ ምርጫ ብዙ ነገር ይወስናል። በሰሙነ ሕማማት፣ በሐምሌና በነሐሴ ሰው በሺዎች ይቆጠራል፤ በአውሮፓ የብርድ ወራት ግን ጥቂት ስለሚሆን ከወንድሞቹ ጋር በእርጋታ ለመነጋገር ይመቻል። በዓመቱ መጨረሻ ዶርም ውስጥ ብቻውን የሚቀር ተማሪ ደግሞ ወደ መንደሯ ሳይሆን ማኅበሩ ከ1978 ጀምሮ በልዩ ልዩ የአውሮፓ ከተሞች ወደሚያዘጋጀው የወጣቶች ስብሰባ ቢሄድ ይሻለዋል። በቅርብ ዓመታት በሮስቶክ፣ በሊዩብሊያናና በታሊን የተካሄደው ይህ ስብሰባ ከታኅሣሥ 28 እስከ ጥር 1 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚቆይ ሲሆን፣ ብዙ እንግዶች የሚያድሩት በከተማው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። በሼንገን (የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) አባል አገር የሚማርና የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ ለዚህ ጉዞ ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፤ በብሪታንያ ወይም በአየርላንድ የሚማር ኢትዮጵያዊ ግን የሼንገን ቪዛ ማውጣት ስላለበትና የቀጠሮ ወረፋው ስለሚረዝም፣ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ቀጠሮውን ይያዝ።