ካተርፒላር ዲ2 ከስምንት ወር በኋላ፦ ያልተከፈተው ካርቶን

ይህን ማሽን በመግዛቴ አልተጸጸትኩም። የተጸጸትኩት በአንድ ካርቶን ነው። ስለ ካርቶኑ እስካወራ ልቤ አያርፍምና ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ማሽኑ ካተርፒላር ዲ2 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1957 ሲመረት የነበረው ትንሹ ባለካቴና ትራክተር። የኔው የመለያ ቁጥሩ በ5ዩ ስለሚጀምር ከ1947 ወዲህ የተሠራ ነው፤ ከአንዱ ካቴና መሃል እስከ ሌላው መሃል 50 ኢንች። በ4ዩ የሚጀምረው ወንድሙ 40 ኢንች ነው። መለዋወጫ ስትገዛ መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ነው፤ "ዲ2 ነው" ማለት ብቻ አይበቃም። ባለአራት ሲሊንደሩ ዲዝል በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ይጎትታል፣ ትንሽ ዘይት ያንጠባጥባል፣ አለቀ።

መከራዬ ዲዝሉን የምታስነሳው ትንሿ ሞተር ናት።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የኔው ዲ2 ዲዝሉን የሚያዞር ሞተሪኖ የለውም። ጎኑ ላይ ሁለት ሲሊንደር ያላት የቤንዚን ሞተር አለች። አንተ እሷን በእጅ ታስነሳለህ፣ እሷ ደግሞ ትልቁን ታስነሳለች። ዲዝሉ መጀመሪያ ሳይታፈን እንዲዞር የምትከፍተው ማንሻ አለ። የሷ ጭስ በዲዝሉ አየር ማስገቢያ በኩል ስለሚያልፍ የሚሳበውን አየር ያሞቀዋል። የማቀዝቀዣ ውሃቸውም አንድ ነው። እሷ ለጥቂት ደቂቃ ስትለፋ ትልቁ ይሞቃል፣ ዘይቱ ይላላል፣ ከዚያ ይነሳል። ያሰበው ሰው ጭንቅላት ነበረው። እሷ እምቢ ካለች ግን ከ3 ቶን በላይ ብረት ሐውልት ሆኖ ይቀራል።

የኔዋ ቀዝቃዛ ስትሆን በአንዴ ትነሳለች። ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ ከሠራች በኋላ ታስላለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ጸጥ። አንድ ሰዓት ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ካርቡራተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ አጠብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ንጹሕ ነበር። (መፍታት የምችለው እሱን ስለነበር ነው መሰለኝ ጥፋተኛ ያደረግኩት።) በመጨረሻ እንደሞቀች ካንዴላውን አውጥቼ አየሁ። እሳት የሚባል ነገር የለም።

እሳቱ የሚመጣው ከማግኔቶው ነው። ባትሪ አይፈልግም። ማግኔቱ ሲዞር ኮይሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ፑንቲናው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ትንሽ መክፈቻ) ሲከፈት ካንዴላው ላይ ይተኮሳል። ኮይሉ ውስጥ ፀጉር የሚያክል ቀጭን ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል። ሽቦው ሲሞቅ ይለጠጣል። የሆነ ቦታ ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ የቆየ ከሆነ ያኔ ይላቀቃል። መሸፈኛው ካረጀ ደግሞ እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ እዚያው ውስጥ ይሾልካል። ሲቀዘቅዝ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ብትለካው "ጤነኛ ነኝ" ይልሃል። እኔንም ብሎኛል። እስኪሞቅ ጠብቄ ስለካው ነው የተነቃበት።

ከዚያ የኮይል ፍለጋ። ሁለት ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ ሻጭ አገኘሁ። "ኦሪጅናል ነው፣ አልተከፈተም፣ ከነካርቶኑ" አለኝ። ካርቶኑ ጠርዝ ጠርዙ ወይቧል፤ ውስጡ ሰም የተነከረ ወረቀት። ወረቀቱን ስፈታው ኮይሉ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ የጣት አሻራ እንኳ የሌለበት። እጄን ጠርጌ ነው የነካሁት። ገጠምኩት፣ ሠራ። በማግስቱም ሠራ። በሦስተኛው ቀን፣ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ፣ ጸጥ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ካርቶኑ እኮ ያልተከፈተ ነበር!" አለኝ። እንዴ! ኮይሉ ያላረጀው ካርቶኑ ውስጥ ስለሆነ ነው? ከዚያ ወዲህ ገላዬን ስታጠብም ከዚህ ሰው ጋር እየተከራከርኩ ነው። አንተ ወዳጄ፣ ሃምሳ ስድሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ኮይል ሃምሳ ስድሳ ዓመቱ ነው። የሽቦው መሸፈኛ ይሰነጣጠቃል፣ እርጥበት ይገባዋል፤ አጠገቡ ያለው ኮንዴንሰርም (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚይዘው ዕቃ) እንዲሁ። ማንም ስላልነካው ወጣት አይሆንም። "አዲስ" ያልከው "ያልተሠራበት" ለማለት ነው። ልዩነቱን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ግን ሁሉንም በአንድ ካርቶን አልኮንንም። ከዚያው ሰው የገዛሁት የትንሿ ሞተር ማርሽ እስከ ዛሬ እንደ ሰዓት ይሠራል። ብረት ዝገት ካልነካው ዕድሜ አይቆጥርም፤ ማርሽ፣ ዘንግ፣ ፒን ካርቶን ውስጥ ቢያድርም ባያድርም ያው ነው። ኩሽኔታም (ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀለበት) ውስጡ የደረቀውን ግሪስ አጥበህ አዲስ ከሞላህበት ይሠራል። የዘይት ማገጃ ጎማ ግን ተቀምጦም ይደርቃል። በሁለት ብረት መካከል የሚገባው የቡሽ ጓርኒሲዮን ይጨማደድና ቀዳዳዎቹ ከቡሎኑ ጋር አይገናኙም። እነዚህን "ያልተከፈተ" የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት።

ደግሞ ብዙው ነገር የድሮው ካርቶን አያስፈልገውም። የአንዱን ኩሽኔታ ጭቃ ሳራግፍ ጎኑ ላይ 6205 የሚል ቁጥር ወጣ። ይህ ዛሬም የሚሸጥ መደበኛ ቁጥር ነው፦ ውስጡ 25፣ ውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር። የማሽኑን ስም ሳልጠራ ገዛሁት። ማገጃ ጎማውንም የዘንጉን፣ የቤቱንና የውፍረቱን ልክ ወስጄ አገኘሁ። "የዲ2 ኦሪጅናል" ብዬ ስጠይቅ ግን ወይ የለም ይሉኛል፣ ወይ ዋጋው ሰማይ ይነካል።

ኮይሉ የዳነው ኮይል ጠምጣሚ ባለሙያ ዘንድ ነው። የድሮውን ብረት እምብርት ወስዶ ሽቦውን በአዲስ ጠመጠመው፣ በአዲስ ማሸጊያ ደፈነው። ኮንዴንሰሩንም ተመሳሳይ መጠን ባለው አዲስ ለወጥኩት። መልኩ አስቀያሚ ነው፤ ጎርበጥባጣ፣ እንደ ሻማ ጠብታ። ሦስት ወሩ ነው። ባለፈው ሆን ብዬ ትንሿን ሞተር ሃያ አምስት ደቂቃ አሠራኋት። እጄን የማግኔቶው ሽፋን ላይ ማቆየት እስኪያቅተኝ ጋለች፤ አልቆመችም።

ግዙ ወይስ አትግዙ? ትናንት ብትጠይቁኝ አትግዙ እላችሁ ነበር፤ ዘይት ስቀይር ጣቴን ቀጥቅጬ ነበርና። ዛሬ ጠዋት ዲዝሉ በመጀመሪያው ዙር ሲያጓራ ሰምቼ ነው የምጽፈው፤ ግዙ።

ሻጩ ማታ መልእክት ልኮልኛል። "ያልተከፈተ የውሃ ፓምፕ ማገጃ ጎማ አግኝቼልሃለሁ" ይላል። አልመለስኩለትም። ማርሽ ካለው ግን ልጠይቀው ነው።