«ሙሉ ኦፓል ነው» ሲሏችሁ ፈርጡን ከጎኑ እዩት

ለእህቴ ልደት የገዛሁት የኦፓል (ኅብረ ቀለም የሚያብለጨልጭ የከበረ ድንጋይ) ቀለበት ሁለት ወር ሳይሞላው ደፈረሰ። ጠርዙ ላይ ግራጫ ጭጋግ ታየ፤ እያደር ወደ መሃል ገባ። ሻጩ «ዕቃ አጥባበት ነው» ብሎ ጥፋቱን ወደ እሷ አዞረው። አንድ አንጥረኛ ግን ፈርጡን ፈልቅቆ አውጥቶ በአጉሊ መነጽር ከጎኑ አሳየኝ። ከታች ጥቁር መደብ፣ መሃል ላይ ስስ የኦፓል ቅርፊት፣ ከላይ ጉልላት የመሰለ ኳርትዝ የሚባል ጥርት ያለ ድንጋይ። ሦስቱም በማጣበቂያ የተያያዙ ናቸው፤ ውሃው የገባውም በመጋጠሚያቸው ነው።

ይሄ ትሪፕሌት ይባላል። የላይኛው ክዳን ከሌለው ዳብሌት ነው። ስሙን ነግረው በዋጋው ቢሸጡት ማንም አይከፋም፤ እኔ የከፈልኩት ግን የሙሉ ድንጋይ ዋጋ ነው።

የፈርጡ ጎንና ጀርባ በብረት የተሸፈነበት ቀለበት ካቀረቡላችሁ ጠርጥሩ። ፈርጡን ሳይታሰር አሳዩኝ በሉ። ቀለሙና መደቡ የሚገናኙበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ካለ የተጣበቀ ሊሆን ይችላል፤ በተፈጥሮው ድንጋይ ላይ ብዙውን ጊዜ ይወላገዳል። «ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፈትኑት» የሚሏችሁን አትስሙ። የተጣበቀው ይበላሻል፤ የወሎ ኦፓል ደግሞ ብዙው ውሃ ስለሚመጥ እውነተኛ ሆኖም ቀለሙ ለጊዜው ጠፍቶ እንደ ብርጭቆ ሊጠራ ይችላል። ይኸው የመምጠጥ ባሕርዩ ለሌላ ማታለያም ይመቻል፦ በጭስ ወይም በቀለም አጥቁረው «ጥቁር ኦፓል» ብለው ይሸጡታል። ኦፓላይት የሚሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተራ መስታወት ነው።

«የተወለደችበት ወር ድንጋይ ነው፣ ሌላ አይሆንም» እያሉ ያጣድፏችኋል፤ እኔንም የያዙኝ በዚሁ ነው። ዛሬ የምንሰማው የየወሩ ድንጋዮች ዝርዝር መልክ የያዘው በ1912 በአሜሪካ የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኦፓል የኦክቶበር ድንጋይ ነው፤ በ1952 ግን ለዚሁ ወር ቱርማሊን የተባለ ሌላ የከበረ ድንጋይም ተጨምሯል፤ ስለዚህ ምርጫ አላችሁ። ደግሞም ኦክቶበር በእኛ ከመስከረም 21 ገደማ እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ነው፤ እህቴ የተወለደችው ጥቅምት 28 ስለሆነ ድንጋዩ ከመጀመሪያውም የእሷ አልነበረም!

ደረሰኙ ላይ «ሙሉ የተፈጥሮ ኦፓል፣ ያልተጣበቀ፣ ያልተቀባ» ብለው እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ። ለመጻፍ ካቅማሙ ትታችሁ ውጡ። የእኔ ደረሰኝ የሚለው «የኦፓል ቀለበት» ብቻ ነበር፤ ኦፓል ደግሞ አለበት ብለው ገንዘቤን አልመለሱልኝም።