ሾፌርን ለመከታተል ጂፒኤስ ወይስ ካሜራ?

ዕቃ ጭኜ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ መኪናው ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ የት እንዳለሁ፣ በስንት እንደምነዳ፣ የት እንደቆምኩ ለአሠሪዬ ይነግራል። አይከፋኝም። ጣርማ በር ላይ መኪናው ቢበላሽ የሚያገኙኝ በእሱ ነው። ግን ጉም አያይም። የፊቴ መኪና መብራት ሲጠፋብኝ ዳር ይዤ እቆማለሁ፤ ወዲያው ስልኬ ይጮኻል፤ "ለምን ቆምክ?"

ካሜራ ጉሙን ያያል። አደጋ ሲደርስም ጥፋት የሌለበትን ሾፌር ነፃ ያወጣል። ችግሩ ወደ ውስጥ የዞረው ነው። የኢንተርኔት ገበያው ኩባንያ አማዞን እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ በዕቃ ማድረሻ መኪኖች ማስገጠም የጀመረው ካሜራ መንገዱንም ሾፌሩንም ይቀርጻል። ጋቢዬን ደርቤ ቆሎ ስቆረጥም ሳይቀር መታየት ይከብደኛል።

ለእኔ ጂፒኤስ ይበልጣል። ካሜራ የግድ ከሆነ ወደ መንገዱ ብቻ ይዙር፤ ቅጂውንም ሾፌሩ ይየው።