ባለ መዘውር ወይስ ባለ ድንጋይ? ለመብራት መጥፊያ ራዲዮ ለምትገዙ

ዘንድሮ ከደሴም ከሐይቅም «መብራት ሲጠፋ የሚሆን ራዲዮ የቱ ይሻላል?» ያላለኝ ወዳጅ የለም። መልሴ አንድ ነው፤ ባለ መዘውሩን ተዉት፣ ባለ ድንጋዩን ግዙ።

ባለ መዘውሩን፣ በእጅም በሶላርም ይሞላል የሚባለውን፣ በ4,800 ብር ገዛሁት። ባለ ድንጋዩን በ2,300። የ2,500 ብሩ ልዩነት የመዘውሩና የሶላሯ ዋጋ መሆኑ ነው፤ አንዳቸውም ገንዘባቸውን አላወጡም።

መዘውሩ በሁለተኛው ወር እየተንሸራተተ ባዶውን ይዞር ጀመር። ጠጋኝ ጋ ሲፈታ ነጩ የፕላስቲክ ጥርስ እንደ ሳሙና ሟሙቷል፤ መለዋወጫ የለውም። ባትሪው ደግሞ በአረንጓዴ ላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው፣ አቅሙ 300 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይላል፣ ከሽቦው ጋር ተበይዷል። ሲደክም ያለ ካውያ አይወጣም። ሶላሯስ? ከመዳፍ ታንሳለች፤ በጠራ ፀሐይ ግማሽ ዋት ብትሰጥ ነው። በደሴ የሐምሌ ጉም ምን ልትሰጥ!

ኅዳር 2014 ደሴ መብራትም ስልክም ባጣችበት ጊዜ ቤታችንን ከወሬ ያገናኘው የአባቴ አሮጌ ራዲዮ ነው። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ማታ ማታ አንድ ሰዓት፣ ወሩን አደረሱን።

ዋናው ነገር ግን ጣቢያ መሳቡ ነው። ኤፍኤም ተራራ ይጋርደዋል፤ ኩታበር ገደል ሥር ያለችው አክስቴ ቤት ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። አጭር ሞገድ ሰማይ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ እዚያም ይገባል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ኤፍኤሙን ሰምታችሁ አትክፈሉ። አጭር ሞገድ ላይ አድርጉና መርፌውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። እዚያ የኤፍኤም ጣቢያ ከተሰማ፣ ፊቱ ላይ 12 ባንድ ቢጻፍም ኮፒ ነው፤ አስቀምጡት። ጥሩው ራዲዮም ቢሆን ቤት ገብቶ ጣቢያ ካጣ አብሽሩ፤ 5 ሜትር ሽቦ አንቴናው ላይ አስራችሁ በመስኮት አውጡት። ማታ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች፣ ቀን ከዚያ በላይ ፈልጉ።

«ቻርጅ የሚደረግ ካልሆነ አልገዛም» ለሚል፣ ባትሪው የሚወጣውን ይምረጥ፤ የኖኪያ ባትሪ ወይም 18650 የሚባለውን ክብ ባትሪ የሚጎርሰውን። 18650 ላይ አቅሙ 9900 ተብሎ ተጽፎ በ150 ብር ከሸጡላችሁ ውሸት ነው፤ የደህናው ጣሪያ 3500 አካባቢ ነው። በእጃችሁ መዝኑት፣ ደህናው 45 ግራም ገደማ ይከብዳል። ራዲዮውን ቻርጅ ላይ እያለ አትስሙት፤ የቻርጀሩ ጩኸት አጭር ሞገዱን ይውጠዋል።

ባለ ድንጋዩን ስታስቀምጡ ድንጋዩን አውጡ። እኔ አንድ ክረምት ረስቼው ውሃ አውጥቶ ስፕሪንጉን በላው፤ ለማስበየድ 200 ብር ከፈልሁ።