«ስቱዲዮ ኮንደንሰር» ተብሎ የሚሸጠውን ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ዝምታውን አድምጡት

ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት ወይም ጊታር በቤታችሁ ለመቅዳት ማይክ እየፈለጋችሁ ከሆነ፣ ኮንደንሰር (ለመሥራት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ፣ ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ የማይክ ዓይነት) ነው ተብዬ 14,500 ብር ከፍዬ የተታለልኩበትን ዕቃ ነገር እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። የሱቁን ስም አልጠቅስም። ይህንኑ ዕቃ በተለያየ ስምና በተለያየ ዋጋ የሚሸጡ ሱቆችና የቴሌግራም ቻናሎች ብዙ በመሆናቸው፣ ከአንዱ ብትሸሹ ሌላው ጋር ትገናኛላችሁ። ስለዚህ ለይታችሁ ማወቅ ያለባችሁ ዕቃውን ነው።

አጎቴ በገና ይደረድራሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ የሚያውቁትን ሁሉ በሁዳዴ ጾም ወቅት፣ ቤታቸው ተቀምጠው፣ በሰላም እንዲቀዱልኝ ቃል አስገባኋቸው፤ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ፣ ማለትም ብዙዎቻችን ሳውንድ ካርድ የምንለው፣ በእጄ ስለነበረ የጎደለኝ ማይክ ብቻ ነበር። ሱቅ ውስጥ የታየኝ ማይክ ወፈር ያለ፣ ጥቁር፣ ወንፊቱ ወርቃማ፣ በላስቲክ ከተወጠረ መያዣና ከስፖንጅ ቆብ ጋር በካርቶን የታሸገ ነው። ካርቶኑ ላይ «ትልቅ ዲያፍራም» (ዲያፍራም ድምፅ ሲነካው የሚንቀጠቀጠው ስስ ቆዳ ነው)፣ «48 ቮልት» እና «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚሉ ጽሑፎች ታትመዋል። ሻጩ ከትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ሲል ድምፁ ወፍሮና ደምቆ ተሰማ። «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ስቱዲዮ የሚገባ ነው» አለኝ። ከውጭ የታክሲ ረዳት ይጮሃል፤ ከጎን ያለው ሱቅ ሙዚቃ ከፍቷል። እኔም በዚያ ሁካታ ውስጥ ሰማሁና ከፈልኩ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። የንግግር ድምፅ ከማይክ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ሲሆን እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ የማይኩን ጉድለት ሁሉ ይሸፍነዋል። ባለ አንድ አቅጣጫ ማይክ ደግሞ አፍ ሲጠጋው ወፍራሙን ድምፅ ከተፈጥሮው በላይ ስለሚያጎላው፣ ተራ ማይክ እንኳ ለጊዜው እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ያስመስላል። በገና ግን ከግማሽ ሜትር ርቀት የሚቀዳ፣ ድምፁ ዝግ ያለ መሣሪያ ነው። አሥር የጅማት አውታር አለው፤ በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል እንዚራ የምንለው የቆዳ ቁራጭ ስለሚገባ አውታሩ ሲመታ ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያም ያ ንዝረት ቀስ እያለ ይጠፋና ዝምታ ይከተላል። የበገና ግማሽ ውበቱ ያ ሲጠፋ የሚሰማው ነገር ነው።

የመጀመሪያውን ምሽት ቀድተን ስንጨርስ ለአጎቴ ሄድፎኑን አደረግኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ውጭ እየዘነበ ነው እንዴ?» አሉኝ። ወሩ መጋቢት ነበር፤ ሰማዩም ጠርቷል። የሰሙት ዝናብ ከማይኩ ራሱ የሚወጣው፣ ከእያንዳንዱ አውታር ምት ቀጥሎ እየጎላ የሚመጣው ሽሽ የሚል ጫጫታ ነበር።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ስመለስ ሦስት መልስ ተሰጠኝ፤ ሌሎቻችሁም ይሰጣችሁ ይሆናልና ልንገራችሁ። አንደኛው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ችግሩ ቤትህ ነው፤ ስፖንጅ ለጥፍበት» የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ «በሶፍትዌር ይጸዳል» የሚል ነው።

የቤቱን ክስ ለማጣራት በዚያው ሌሊት አንድ ቀላል ሙከራ አደረግኩ። የጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የማጉያውን፣ መጠን ሳልነካ ማይኩን በጋቢ ደጋግሜ ጠቅልዬ፣ ልብስ በተሞላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼ በሩን ዘጋሁና አንድ ደቂቃ ቀዳሁ። ጫጫታው የቤቱ ቢሆን ኖሮ መቀነስ ነበረበት። የሩቅ ውሻ ጩኸትና የፍሪጁ ድምፅ ጠፉ፤ ሽሽታው ግን እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ ጥፋቱ የሳውንድ ካርዱ እንዳይሆን ብዬ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ሌላ ኮንደንሰር በዚያው ገመድ፣ በዚያው ቦታ አቆምኩ፤ አጎቴ ያንኑ አውታር በዚያው ጉልበት እንዲመቱልኝ ለምኜ የሁለቱን ቅጂ ድምፅ እኩል እስኪሆን ድረስ ጌይኑን አስተካከልኩ። ይህ ማስተካከል አስፈላጊ ነው፤ አለበለዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያስገባው ማይክ ጸጥተኛ መስሎ ያታልላል። እኩል ካደረግኳቸው በኋላ በምቶቹ መካከል ያለውን ዝምታ ብቻ ቆርጬ ጎን ለጎን አዳመጥኩት። የጓደኛዬ ማይክ ላይ የአጎቴ ትንፋሽና የወንበሩ ሲጥታ ይሰማል። የእኔው ላይ ዝናቡ ብቻ።

በሶፍትዌር ይጸዳል ስለሚባለው ነገር በተለይ የበገና ወዳጆች እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ጫጫታ የሚያጠፉት ፕሮግራሞች ሽሽ የሚለውን የዝምታ ክፍል አጥንተው እርሱን የሚመስለውን ሁሉ ከቅጂው ይቀንሳሉ። የእንዚራው ንዝረት ደግሞ በባሕርዩ ከላይኛው ድምፅ ብዙ ያለበትና ሻካራ ስለሆነ፣ እየደከመ ሲሄድ ፕሮግራሙ ከጫጫታው ለይቶ ሊያየው አይችልም፤ አብሮ ይበላዋል። ሞክሬዋለሁ። ዝናቡ ጠፋ፤ በገናውም ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚደረደር መሰለ። የማሲንቆ ጭራ ሲፋተግ የሚሰማው ሻካራ ድምፅና የዋሽንት ትንፋሽም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም ብዬ እገምታለሁ።

ከዚህ በኋላ ገንዘቤ ላይመለስ ነገር ብዬ ማይኩን ፈታሁት። ከታች ያለው ቀለበት ሲጠመዘዝ ቀፎው ይወልቃል፤ ወንፊቱ በሁለት ትናንሽ ብሎኖች የታሰረ ነው። ከወንፊቱ ጀርባ ወርቃማ ሆኖ ይታየኝ የነበረው ክብ ነገር ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ፤ መሐሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ካፕሱል፣ ማለትም ዲያፍራሙን የያዘችው ድምፅ ተቀባይ ክፍል፣ ተሸጉጣለች። ትልቅ ዲያፍራም የሚባለው አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ነው። እኔ የገዛሁት ካፕሱል የዚያ ግማሽ እንኳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ትንሽ ካፕሱል መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ለክራርና ለጊታር ብዙዎች የሚመርጡት ጥራት ያለውን ትንሽ ዲያፍራም ነው። ኤሌክትሬት የሚባለው ዓይነት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በውስጡ ቋሚ አድርጎ የያዘ ካፕሱል መሆኑም አያስነውርም፤ በርካሽነቱና በታማኝነቱ የታወቀው የኦዲዮ ቴክኒካው ኤቲ 2020 ራሱ የዚህ ቤተሰብ ነው። ጥፋቱ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህለውን በፕላስቲክ ሳህን አጅቦ በትልቅ ዲያፍራም ዋጋ መሸጡ ነው።

ይህንን ሳትፈቱት የምታውቁበት መንገድ አለ። የስልካችሁን መብራት በወንፊቱ በኩል በጎን አብሩበት፤ እውነተኛው ትልቅ ካፕሱል ስስ ወርቃማ ቆዳው ሲያብረቀርቅ፣ ዙሪያውም በደቃቅ ብሎኖች ሲታሰር ብዙ ጊዜ ይታያል። ሌላው ምስክር ከማይኩ ጋር በስጦታ የሚሰጠው ገመድ ነው። አንደኛው ጫፉ ባለ ሦስት እግር ኤክስ ኤል አር፣ ሌላኛው ጫፉ የስልክ ወይም የላፕቶፕ ቀዳዳ የሚገባ ቀጭን ጃክ ከሆነና ሻጩም «ያለ ሳውንድ ካርድ በላፕቶፕ ይሠራል» ካላችሁ፣ ካርቶኑ ላይ የታተመው 48 ቮልት ጌጥ ነው ማለት ነው። የላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ የምር 48 ቮልት የሚፈልግ ማይክ በዚያ አይነሣም። በተቃራኒው ደግሞ፣ ባትሪ የሌለው ሆኖ ፋንተም ፓወሩ፣ ማለትም ሳውንድ ካርዱ ለማይኩ የሚልከው 48 ቮልት፣ ጠፍቶም መሥራቱን የሚቀጥል «ኮንደንሰር» ካጋጠማችሁ፣ በእጃችሁ ያለው ዳይናሚክ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው የሚሠራ ማይክ፣ ሳይሆን አይቀርም።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» ምንም አይነግራችሁም። በዚያ ስፋት ውስጥ ድምፁ በስንት ዴሲቤል እንደሚወጣና እንደሚወርድ እስካልተጻፈ ድረስ ማንም ሊያትመው የሚችል ቁጥር ነው። ድምፁ ዝግ ላለ መሣሪያ መፈለግ ያለባችሁ የማይኩ የራሱ ጫጫታ መጠን ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ኤቲ 2020 በፋብሪካው መግለጫ 20 ዴሲቤል ሲሆን፣ የሮድ ኩባንያው ኤንቲ 1 ደግሞ ወደ 4.5 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዝምታው ይጠራል። የእኔ ካርቶን ላይ ይህ ቁጥር ጭራሽ አልነበረም፤ አለመኖሩን ያስተዋልኩትም ከከፈልኩ በኋላ ነው።

«እንግዲያው ስሙ የታወቀ ዳይናሚክ እገዛለሁ» ለምትሉም አንድ ቃል ልጨምር። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው የሹር ኤስ ኤም 58 በዓለም ላይ በብዛት ከሚመሰሉ ማይኮች አንዱ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ስለ አስመሳዮቹ ገዢዎችን ያስጠነቅቃል። እውነተኛው ያለ ገመዱ 298 ግራም ይመዝናል። ከጎን ያለው የቡና ሱቅ ሚዛን ቢያንስ በዚህ ያግዛችኋል፤ ጎልቶ ከቀለለ አትውሰዱት፤ ክብደቱ መግጠሙ ግን ብቻውን እውነተኛ አያደርገውም። እውነተኛው ቢሆን እንኳ የሚያወጣው ኃይል ዝቅተኛ ስለሆነ ለበገና ብዙ ጌይን ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው ጫጫታ የሳውንድ ካርዳችሁ ይሆናል።

አሁን ማይክ ለመግዛት ስሄድ የራሴን ሳውንድ ካርድ፣ የራሴን ገመድና ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ይዤ እሄዳለሁ፤ ጧት ገበያው ሳይሞቅ። የሱቁን ድምፅ ማጉያ አልቀበልም። በመጀመሪያ የምቀዳው ዝምታ ነው፦ ጌይኑን ለበገና በምጠቀምበት ልክ ከፍ አድርጌ፣ ማይኩን በጃኬቴ ጠቅልዬ፣ ግማሽ ደቂቃ። ከዚያ የቁልፍ ዘለላ ከሁለት ስንዝር ርቀት ላይ አንኳኳለሁ፤ ጥሩ ማይክ ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ተለይቶ ሲሰማ መጥፎው ላይ አንድ ላይ ተቀላቅሎ እንደ ቆርቆሮ ይንኮሻኮሻል። ባለ አንድ አቅጣጫ ነው ከተባልኩ ወደ ጀርባው ዞሬ በዚያው ድምፅ እናገራለሁ፤ ድምፄ በግልጽ ካልቀነሰ ካርቶኑ ዋሽቷል። ቀፎውን በእጄ ስይዝ እምም የሚል የመብራት ድምፅ ብቅ ጥፍት ካለ የመሬት ሽቦው (ኧርዙ) በትክክል አልተያያዘም። በመጨረሻም ስልኬን አጠገቡ አስቀምጬ ጓደኛዬ እንዲደውል አደርጋለሁ፤ ጥሪው ሳይደርስ ቀድሞ የሚንተከተክ ድምፅ ከገባ ከጥልፍልፍ የሞገድ መከላከያው ላይ ቆጥበውበታል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንዳንዱ ሻጭ ይሰለቻል፤ ለዚያ ሩብ ሰዓት ትዕግሥት ያጣ ሻጭ ሲበላሽ ይቀበለኛል ብዬ አላምንም።

በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቀብድ አስይዛችሁ ይህንን ሙከራ እስክታደርጉ ቀሪውን እንዳትከፍሉ። በደረሰኙ ላይ «ማይክ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ ሞዴሉና «ትልቅ ዲያፍራም ኮንደንሰር» የሚለው ቃል እንዲሰፍር ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የነገሩ መጨረሻ አይደለም። እኔን የጎዳኝ ደረሰኜ ላይ «የድምፅ ዕቃ፣ 1» ከሚል በቀር ምንም አለመኖሩ ነው። ምን ተብሎ እንደተሸጠልኝ በምን ላስረዳ?

ከሱቁ ጋር ከብዙ ክርክር በኋላ ያገኘሁት የ5,000 ብር ተመላሽ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ ያው ማይክ መስኮቱ ላይ በነጭና በሮዝ ቀለም ተደርድሮ አየሁት፤ ወንፊቱ ወርቃማ፣ ገመዱ ባለ ቀጭን ጃክ፣ ካርቶኑ ላይም አዲስ ስም ታትሟል። ዋጋውን ስጠይቅ 16,000 ብር አሉኝ።